ፓራሊጋል፦ በአሜሪካ የሁለት ዓመቱ የሕግ ትምህርት

በአሜሪካ ጉዳዩን ለጠበቃ የሰጠ ሰው ስልክ የሚደውልለት፣ የጎደለ ሰነድ የሚጠይቀውና ቀጠሮውን የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ የጠበቃው ረዳት፣ ማለትም ፓራሊጋሉ ነው። ወደዚህ ሙያ ከሚያስገቡት በሮች አንዱ የሁለት ዓመቱ አሶሺዬት ዲግሪ ነው።

ሙያው ገና ወጣት ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ስለ ጠበቃ ረዳቶች የሚያጠና ኮሚቴ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። በ1989 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሕጉ የጠበቃ ወጪን ተሸናፊው እንዲከፍል በሚያዝበት ክርክር የፓራሊጋል ሥራ በገበያ ዋጋ ሊታሰብ እንደሚችል ወሰነ። ይህ ውሳኔ የሙያውን ዋጋ በግልጽ አስመሰከረ።

የጠበቆች ማኅበሩ እውቅና የሚሰጠው ትምህርት ቢያንስ 60 ክሬዲት ያለው ሲሆን ከዚህ ውስጥ 18ቱ የሕግ ኮርሶች መሆን አለባቸው። ተማሪው የሕግ ምርምርን፣ የሰነድ ዝግጅትን፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓትንና የሙያ ሥነ ምግባርን ይማራል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ትምህርቱን ይሰጣሉ።

የአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሙያው የተለመደው መግቢያ አሶሺዬት ዲግሪ መሆኑን ይገልጻል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 መካከለኛው የዓመት ደመወዝ 60,970 ዶላር ነበር። ሆኖም ባችለር ዲግሪ የሚጠይቁ ቀጣሪዎች አሉ፤ ጠበቃ ለመሆን የሚያስበውንም የሕግ ትምህርት ቤት የሚቀበለው በአብዛኛው ከባችለር በኋላ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ክሬዲቱ ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ ይዛወር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የሙያው ወሰን ነው። ፓራሊጋል በጠበቃ ኃላፊነት ሥር ይሠራል፤ የሕግ ምክር አይሰጥም፣ ክፍያ አይተምንም፣ ችሎት ቆሞ አይከራከርም። እንደ አሪዞና ያሉ ግዛቶች ግን ለተወሰኑ ጉዳዮች የተለየ ፈቃድ ይሰጣሉ። በኢሚግሬሽን ጉዳይም በታወቀ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራና ከፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና ያገኘ ሰው፣ ጠበቃ ባይሆንም ባለጉዳይን መወከል ይችላል።

ይህ ወሰን የሚፈተነው በእኛው ሰፈር ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ምን ላድርግ?» ይላሉ። ደብዳቤውን በአማርኛ አንብቦ፣ ቀነ ገደቡን አስታውሶ፣ «ምን እንደሚሻል ጠበቃው ይነግሩዎታል፤ አብሬዎት ገብቼ አስተረጉማለሁ» የሚል ምሩቅ የተማረውን በትክክል ሠራበት።