የዶርዜ ቤትና የጨንቻ ብርድ

ኃይል ቆጣቢ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የውጭ አገሩን፣ ባለ ድርብ መስታወቱን ነው። እኔ ግን ወደ ጨንቻ ልውሰዳችሁ። ከአርባ ምንጭ ቆላ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የደረሰ ሰው ሌሊቱን ያለ ጋቢ አይገፋውም።

በሽመና ሥራው የታወቀው ዶርዜ ቤቱንም ይሸምናል። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ተገለበጠ ቅርጫት ይቆማል፤ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ላዩ በደረቀ የእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ተደራርቦ ይለበሳል። ሙቀቱን የሚይዘው በንብርብሩ መካከል የታፈነው አየር ነው፤ የዘመኑ የሙቀት መከላከያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ምድጃውና በውስጥ የሚያድሩት ከብቶች ያሞቁታል። ጢሱ በክዳኑ ሾልኮ ሲወጣ ቀርከሃውን ከተባይ ይጠብቃል፤ ለሳንባ ግን ጎጂ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ውዳሴ ብቻ ይሆንብኛል። ምስጥ ግርጌውን ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ሌላ ቦታ ያቆሙታል።

ዛሬ ቆርቆሮ እየተተካ ነው። ቶሎ ይሠራል፣ እሳትም አይበላውም። ሌሊት ግን የቤቱን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቅቃል፤ ጉድለቱ የሚሞላውም በማገዶ ነው። ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከቆርቆሮው በታች የተሸመነ የቀርከሃ ኮርኒስ ቢገባ፣ ምድጃውም የጢስ መውጫ ቢበጅለት፣ አንድ ቤተሰብ በዓመት ስንት ሸክም እንጨት ይተርፈዋል?