በርል ቶለር፦ ከመስመሩ ዳር የቆሙት ዳኛ

በቴሌቪዥን የራስ ቁር ያጠለቁ፣ ትከሻቸው ያበጠ ሰዎች እንደ ወጠጤ ሲላተሙ አይታችሁ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ኳስ ነው?» ብላችሁ ይሆናል። የአሜሪካ እግር ኳስ ይሉታል፤ እግር ግን ብዙም አይነካውም። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ትያዛለች፣ ትወረወራለች። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ከጥቂት፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሷን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ አንዲት ስንዝር ብዙ ዋጋ አላት፤ ስንዝሯንም የሚፈርደው ዳኛው ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ዳኛ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በርል ቶለር በ1928 በሜምፊስ ከተማ ተወለዱ። ሜምፊስ ያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት የማይማሩባት ከተማ ነበረች። በወጣትነታቸው ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው፣ የኢየሱሳውያን ካህናት ማኅበር ባቋቋመው የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሆኑ።

በ1951 ቡድናቸው ዘጠኝ ግጥሚያ አድርጎ ዘጠኙንም አሸነፈ። እንዲህ ያለ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ ለታላላቆቹ የክብር ግጥሚያዎች ይጋበዛል፤ ገንዘብም ያገኝበታል። የደረሳቸው መልእክት ግን ሁለቱን ጥቁር ተጫዋቾች፣ በርል ቶለርንና ኦሊ ማትሰንን፣ ትታችሁ ከመጣችሁ ይሆናል የሚል ነበር። ነጮቹ ጓደኞቻቸው ያለ እነርሱ አንሄድም አሉ። ሳይሄዱም ቀሩ። ዩኒቨርሲቲው ወጪውን መሸከም ስላልቻለ ከዚያ ዓመት በኋላ ቡድኑን ዘጋው። እምቢታው ዋጋ አስከፍሏል ማለት ነው።

በርል ቶለርን ክሊቭላንድ ብራውንስ የተባለው የሙያ ቡድን መርጧቸው ነበር። ዳሩ ግን በ1952 ከየኮሌጁ የተመረጡ ተጫዋቾች በሚሰለፉበት ግጥሚያ ጉልበታቸው ክፉኛ ተጎዳና ጨዋታው በዚያው አበቃ። ሌላ ሰው ቢሆን ሜዳውን ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እሳቸው ግን መምህር ሆኑ፤ ጎን ለጎንም ዳኝነት ያዙ።

በ1965 ኤንኤፍኤል የተባለው የሙያ ሊግ ቀጠራቸው። ሊጉን ይመሩ የነበሩት ፒት ሮዜል ቀደም ሲል በዚያው በሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል የሠሩ ስለሆነ ሰውዬውን ያውቋቸዋል። በአሜሪካ ታላላቅ የሙያ ሊጎች ከዚያ በፊት ጥቁር ዳኛ አልነበረም። የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረው ሕግ የተፈረመው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በብዙ አገር ድምፅ ለመስጠት እንኳ የሚከለከል ጥቁር ሰው፣ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ለነጭ ተጫዋችም ለነጭ አሠልጣኝም «አጥፍተሃል» ብሎ ሊፈርድ ነው!

ሥራቸው ዋና የመስመር ዳኝነት ነበር። ኳሷ ባረፈችበት መስመር ጫፍ፣ ከሜዳው ዳር ይቆማሉ። ኳሷ ሳትነሣ መስመሩን የጣሰውን ይይዛሉ፤ ተጫዋቹ ሲወድቅ የደረሰበትን ቦታ በእግራቸው ያመለክታሉ፤ አሥሩን ያርድ በሰንሰለት የሚለኩትንም ረዳቶች ያዛሉ። አሠልጣኞቹ ከኋላቸው ናቸውና ጩኸቱ ሁሉ በጆሯቸው ነው። በደህና የፈረደ ዳኛ ስሙ አይነሣም፤ ስሙ የሚነሣው ሲሳሳት ነው።

ይህ የቅዳሜና የእሑድ ሥራ ነበር፤ ሰኞ ወደ ተማሪዎቻቸው ይመለሳሉ። በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ፤ በከተማዋ ከመለስተኛና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ርእሰ መምህር ሲሾም እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ስድስት ልጆችም አሳድገዋል።

በጥር 1980 ከ103 ሺህ በላይ ተመልካች በተገኘበት የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ዳኙ፤ ይህም ለጥቁር ዳኛ የመጀመሪያው ነው። በጥር 1982 ደግሞ በሲንሲናቲ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ብርድ ለሦስት ሰዓት ያህል ቆመዋል። እኛ በበረሃው ሐሩር ለምንኖረው ይህን ማሰብ ራሱ ይከብዳል። 25 የውድድር ዘመን አገልግለው በ1989 ተሰናበቱ። የዳኞቹን ቡድን በአለቅነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ግን ጆኒ ግሪየር ናቸው፤ ያም የሆነው በ1988፣ በርል ቶለር ከገቡ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ቀስ እያለ ነው የሚሄደው።

በ2009 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። በሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ፌላን በተባሉ የቀድሞ ሴናተር ስም የሚጠራ የተማሪዎች ማደሪያ ነበር። እኚህ ሰው በ1920 የተወዳደሩት ካሊፎርኒያ የነጮች ብቻ ሆና ትቅር በሚል መፈክር ነበር። ተማሪዎቹ ተቃውመው በ2017 ስሙ ተለወጠ፤ ዛሬ ሕንፃው የሚጠራው በበርል ቶለር ስም ነው።