የነዳጅ ፓምፕ አመራረጥ

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከሶዶ ከተማ ተነሥቶ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ ሾፌር፥ በ120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እርሱ የሚያስተውለው የሙቀቱን መጨመር ነው። ሞተሩን የሚነካው ግን የአየሩ ግፊት ነው፤ ይኸውም ሶዶ ላይ ከነበረው ዘጠኝ በመቶ ያህል ይጨምራል። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሲበዛ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መብዛት ይኖርበታል። ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያው ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ መካኒኮች ፖምፓ የሚሉት የነዳጅ ፓምፕ ነው።

በተራ አውቶሞቢል ላይ ፓምፑ ከፋብሪካው ተመጥኖ ስለሚገጠም ይህ ለውጥ አያሳስብም። የሚያሳስበው ተርቦ ተገጥሞለት ጉልበቱ በተጨመረ ሞተር ላይ ነው። ባጃጅና ሚኒባስ በሚበዛበት በሶዶ ጎዳና እንዲህ ያለ መኪና ዘወትር አይታይም፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ ለማንኛውም የቤንዚን ሞተር ይሠራል።

ለምሳሌ ያህል 400 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለተርቦ ሞተር እንውሰድ። እንዲህ ያለው ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ያህል ቤንዚን ይፈጃል። ይህ በ400 ሲባዛ 108 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፥ የሚያስፈልገው በሰዓት 146 ሊትር ያህል ነው። ለመጠባበቂያ አንድ አምስተኛ ሲጨመርበት 175 ሊትር ይደርሳል።

እንግዲህ በካርቶኑ ላይ «በሰዓት 190 ሊትር» የሚል ጽሑፍ ያየ ገዢ ፓምፑ ይበቃኛል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ቁጥር የተለካው በስንት ግፊት ነው? ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ በተገፋ ቁጥር ከቧንቧው የሚወርደው እንደሚቀንስ ሁሉ፥ ፓምፕም ግፊቱ ሲበረታበት የሚሰጠው ቤንዚን ይቀንሳል። በብዙ ሞተሮች የነዳጁ ግፊት 3 ባር ገደማ ነው፤ ተርቦው 1 ባር ሲጨምር ፓምፑ በ4 ባር መግፋት ይኖርበታል። በ3 ባር 190 ሊትር የሰጠው ፓምፕ በ4 ባር ከ175 በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መነበብ ያለበት አምራቹ ለየግፊቱ ያወጣው ሠንጠረዥ እንጂ የካርቶኑ ጽሑፍ አይደለም።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። በ13.5 ቮልት የተለካ ፓምፕ በቀጭን አሮጌ ሽቦ 12 ቮልት ብቻ ቢደርሰው ይደክማል። ብዙዎች ጥፋቱን በፓምፑ ላይ ሲያደርጉ ጥፋተኛው ሽቦው ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ ከሁሉም ትልቁን ገዝቶ መገላገል አይቻልም? አይቻልም። ከመጠን ያለፈ ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የተረፈውም ቤንዚን ሞተሩ አጠገብ ሞቆ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። እንደ አባያ ዳርቻ ባለ ቆላ፥ ያውም ማጠራቀሚያው ሊጎድል ሲቃረብ፥ የሞቀ ቤንዚን ወደ ትነት ያዘነብላል፤ ትነትን ደግሞ ፓምፕ በደንብ አይገፋም።

ያም ሆኖ ማነሱ ከመብለጡ የከፋ ነው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቅልቅሉ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፤ የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ይቀልጣል። ችግሩ ቀስ ብሎ ሲነዱ አይታይም። አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ከባሕር ጠረፍ በሳሳበት በሶዶ ተሞክሮ ደኅና የመሰለ ሞተር፥ ቆላ ወርዶ ነዳጅ ሊያጥረው ይችላል። በመሆኑም አዲስ ፓምፕ ያስገጠመ ሰው የነዳጅ ግፊት መለኪያ ገጥሞ፥ ቆላው ላይ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ መርፌውን ማየት አለበት። መርፌው ከ4 ባር ዝቅ ካለ እግሩን ወዲያው ከቤንዚን መስጫው ላይ ያንሣ።