ጀበና፣ ሞካ ወይስ ወረቀት?

ለመሆኑ በአንድ ቤት ቡና በቀን ስንት ጊዜ ይፈላል? በሽንዲም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በዙሪያው ገጠር ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚፈላበት ቤት ብዙ ነው። ማጠቡ፣ መቁላቱ፣ መውቀጡ፣ ማፍላቱና ከአቦል እስከ በረካ መጠጣቱ ሲደመር አንዱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህ ሰዓት የማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የእናት ወይም የልጃገረዲቱ ነው። መምህር እንደመሆኔ ፈተና ሲቃረብ የሴት ተማሪዎችን ደብተር ሳገላብጥ ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። ስለዚህ የቡና አፈላል ዘዴዎችን ስናነጻጽር ከጣዕሙ ጋር ጊዜን፣ ወጪንና ጤናንም ብንመለከት መልካም ነው።

ውድ አንባቢያን! በቅድሚያ ጀበናን እንይ። የጀበና ጥበብ ያለው ከእሳቱ ከወረደ በኋላ ነው። ቡናው ገንፍሎ ከወረደ በኋላ ማቶቱ ላይ ጋደል ተደርጎ ሲቀመጥ ዝቃጩ ወደ ታች ይሰክናል፤ ቀጭኑ አንገትም የተረፈውን ያግዳል። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ከወፍጮው ልም ዱቄት ይልቅ ሻካራ ስለሆነ ቶሎ ይሰክናል። የእናቶቻችን ሙቀጫ ለጀበና የሚስማማው ለዚህ ነው። ጀበና በወጪም አይታማም። በአንድ ቁሌት አቦል፣ ቶና እና በረካ ተጠጥቶ ጎረቤት ሁሉ ይዳረሳል። በረካ የሚለው ቃል እንኳ ከዐረብኛው በረከት የመጣ ነው።

ሞካ የምንለው የጣልያን ማፍያ አልፎንሶ ቢያሌቲ ከሚባል ሰው ስም ጋር ተያይዞ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ከታች ያለው ውሃ ሲፈላ የእንፋሎቱ ግፊት ውሃውን በቡናው መሐል ወደ ላይ ይገፋዋል። በጥቂት ደቂቃ ወፍራም ቡና ይሰጣል። ይሁን እንጂ ዱቄቱ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ይጣላል፤ ቶናም በረካም የለውም። ውሃው በጎን ካለችው ማስተንፈሻ በታች መሆን አለበት፤ ዱቄቱም በጣት ተጠቅጥቆ መታመቅ የለበትም።

ከዐረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ደግሞ ደላ ይዘው ይመጣሉ። የባሕረ ሰላጤው ቡና ጥቂት ብቻ ተቆልቶ ከሄል ጋር የሚፈላ ነው፤ በእኛ ቤት ጥቁር ቡና ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ሻይ ይመስለዋል። የቱርኩ ደግሞ እንደ ዱቄት ልሞ ስኳሩም አብሮ ይፈላል፤ ዝቃጩ ስኒው ውስጥ ይቀራል። ሐረሮች ከቅጠሉ ቁጢን፣ የመኖች ከገለባው ቂሽርን ያፈላሉ። ቡና በመጀመሪያ የመን ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱፊዮች ለሌሊት ዚክር ነቅተው ለመቆየት የጠጡት መጠጥ እንደነበር ይታወቃል። በ1511 እ.ኤ.አ. ኸይር በይ የተባለው የመካ ሹም ቢከለክለውም ብዙ ሳይቆይ ከካይሮ ክልከላው ተነሣ። በአገራችንም «የእስላም መጠጥ ነው» እየተባለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሳይጠጡት የኖሩበት ዘመን ነበር፤ በስፋት የተለወጠው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ በጎጃም ቡና ሳይጠራራ የሚውል ጎረቤት የት አለ?

አራተኛው ዘዴ በወረቀት ማጥለል ነው፤ ሜሊታ ቤንትዝ የተባለች ጀርመናዊት እናት በ1908 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ነው። ጣዕሙ ከጀበና ይቀጥናል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ለጤና የሚጠቅም ነገር አለው። በቡና ቅባት ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይህም የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። ተፍልቶ በወረቀት ሳይጠል የሚጠጣ ቡና ብዙ ይዞታል፤ ጀበናም የሚመደበው ከዚሁ ወገን ነው። ወረቀቱ ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ ሐኪም ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል ያለው አባት ወይም አያት ካለ ጀበናውን መተው አያስፈልግም። የሰከነውን ቡና በወረቀት አጥልሎ ለእርሱ ብቻ መቅዳት ይቻላል።

ቡና በጨው ለሚጠጣበት ቤትና ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ጨውን በጤና አዳም መተካት ይሻላል። ነፍሰ ጡር እህቶችም ቡናን ከምግብ ጋር ባይጠጡ ይመረጣል፤ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንሳልና። በረመዷንም ከኢፍጣር በኋላ ጥቂት ቆይቶ መጠጣት ነው።

ወደ ጊዜው ጉዳይ እንመለስ። «የማሽን ቡና ሽታው ጎረቤት አይጠራም» የሚሉ እናቶች እውነት አላቸው፤ የቁሌቱ ሽታ ራሱ ጥሪ ነው። ሆኖም ጥሪው በየቀኑ ሦስት ጊዜ ግዴታ መሆን የለበትም። የሳምንቱን ቡና በአንድ ቀን ቆልቶ፣ ሲቀዘቅዝ በደንብ በሚከደን ቆርቆሮ ማኖር ይቻላል። የሚወቀጠው ግን በየዕለቱ ይሁን፤ የተፈጨ ቡና ሽታውን ቶሎ ያጣል። እንዲህ ከተደረገ የቁሌቱ ጊዜ ይተርፋል። የወንድ ልጅ እጅም ዘነዘና መያዝ ይችላል፤ እኅቱ ደብተሯን ይዛ ስትቀመጥ እርሱ ይውቀጥ። ሙሉው ሥነ ሥርዓት፣ ቄጤማው፣ ዕጣኑና ሦስቱ ዙር ለጁሙዓና ለእንግዳ ይቆይ።

በክረምት ግን አንድ ነገር አይረሳ። ብርዱን ለመከላከል በር ዘግቶ በከሰል ቡና ማፍላት አደገኛ ነው። ከሰል ሲቀላ ጭስ የለውም ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው እንቅልፍ እንደያዘው ሰው አዝሎ ይገድላል። ከሰሉ በደጅ ይቀጣጠል፤ ሲገባም በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ቡናው እንዳበቃ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ፤ በተለይ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል አይደር።