የጅቡቲ መንገድና የዕቃ ዋጋ

አዲስ አበባ ላይ የመኪና መለዋወጫ፣ ቀለም ወይም ቆርቆሮ በተገዛ ቁጥር ከሚከፈለው ብር ውስጥ የተወሰነው የጅቡቲ መንገድ ዋጋ ነው። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዕቃ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ ይህ ጉዳይ ለነጋዴዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን ነገ በባንክ፣ በጉምሩክ፣ በመጓጓዣና በሕግ ሥራ እንሠማራለን። ስለዚህ በሁለቱ አገሮች መካከል የሚነግድ ወይም ገንዘቡን ሥራ ላይ የሚያውል ኩባንያ ምን እንደሚያጋጥመው ባጭሩ እንገልጻለን።

የሁለቱ አገሮች ንግድ በሐዲድ የተሳሰረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ኋላም ብዙው ዕቃ በአሰብ በኩል ይገባ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ የሚሠራው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። ሲቋቋም ከኩባንያው አክሲዮን 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ሆነ።

ነገር ግን ፈላጊዋ ኢትዮጵያ ብቻ ናት ማለት አይደለም። የጅቡቲ ወደብ አብዛኛው ሥራው የኢትዮጵያ ጭነት ነው። ጅቡቲ እርሻዋ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አትክልቱና ጫቱ ከኢትዮጵያ ይሄድላታል፤ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም የኤሌክትሪክ ኃይል ከኢትዮጵያ ትገዛለች። እንግዲህ ሁለቱ አገሮች ይህን ያህል የሚፈላለጉ ከሆነ፣ ነጋዴውን የሚያስቸግረው ምንድን ነው?

አንደኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ አንዱ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ጸንቶ ይኖራል። የኢትዮጵያ ብር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ አንድ አስመጪ 10,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ አምጥቶ ነበር እንበል። ዕዳው በ57 ሲሰላ 570,000 ብር ነው፤ በ100 ሲሰላ 1,000,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው አንዲት ዕቃ ሳይጨምር የ430,000 ብር ልዩነት መጣበት። ጅቡቲ ያለው ባለ መጋዘንና ባለ መርከቡ ሒሳባቸውን በዶላር ስለሚያስቡ አይነካቸውም፤ የምንዛሪው ሸክም የሚወድቀው በኢትዮጵያዊው ወገን፣ በመጨረሻም በሸማቹ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ኮንቴይነር ወደብ ከደረሰ በኋላ ያለ ኪራይ የሚቆይበት ቀን የተወሰነ ነው፤ ቀኑ ካለፈ የመርከብ ኩባንያው በየቀኑ ዲመሬጅ ያስከፍላል፤ ይኸውም በዶላር ነው። ባንኩ ኤልሲ ለመክፈት ቢዘገይ፣ የጭነት ሰነዱ ላይ አንዲት ቁጥር ብትሳሳት፣ ወይም ትራንዚተሩ ፊርማ ቢጠብቅ፣ ዕቃው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ዋጋው ይጨምራል። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስም የጉምሩኩ ጉዳይ ገና ይቀራል።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ጭኖ የወጣው ካሚዮንና ባቡር ብዙ ጊዜ ባዶውን ይወርዳል፤ የባዶውንም ጉዞ ኪራይ የሚከፍለው ወደ ላይ የመጣው ዕቃ ነው።

ሦስተኛው የሕግ ሁኔታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180፣ የውጭ ባለ ሀብት ብቻውን ሲሠራ ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ተወላጅ ጋር ሲሻረክ 150,000 ዶላር እንዲያስገባ ደነገገ፤ ትርፉንም በውጭ ምንዛሪ ወደ አገሩ እንዲወስድ ፈቀደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለዜጎች ተጠብቀው የነበሩት የአስመጪነትና የጅምላ ንግድ ሥራዎች በመመሪያ ለውጭ ሰው ተከፈቱ። ጅቡቲም በ2010 ዓ.ም. ሰፊ ነጻ የንግድ ቀጠና ከፍታለች። የሕግ ተማሪዎች የሚያስተውሉት አንድ ነገርም አለ፤ የ1952ቱን የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳውያኑ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ነበሩ፤ የጅቡቲም ሕግ ከፈረንሳይ ሕግ የተቀዳ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ ቢወጣም፣ የሁለቱ አገሮች የውል ቋንቋ ባዕድ ለባዕድ አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው፣ አዋጁ በሩን ቢከፍትም ዕቃው ርካሽ እንደማይሆን ነው። ትርፍን መውሰድ በሕግ የተፈቀደለት ኩባንያ ባንክ ውስጥ ዶላር ካላገኘ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ባቡሩ ቢፈጥንም ሰነዱ ከዘገየ ፍጥነቱ ለማንም አይጠቅምም። በእኛ አስተያየት ይበልጥ የሚጠቅሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ መርከቡ ሳይደርስ ሰነድን ጨርሶ መጠበቅ፣ ሲዋዋሉ የምንዛሪን ለውጥ ማን እንደሚሸከም በግልጽ መጻፍ፣ ወደ ታች የሚወርደውን ፉርጎ በቡና፣ በቅባት እህልና በጥራጥሬ መሙላት። ሁለቱ ሥራዎች የሠለጠነ ጸሓፊና የተማረ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሦስተኛው ግን ከገበሬው ማሳ የሚጀምር ነው።

ስለዚህ የኤኮኖሚክስ፣ የሕግና የምሕንድስና ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊወያዩበት የሚገባ ጉዳይ ነው እንላለን። ያንን የመንገድ ዋጋ እኛም ቤተሰቦቻችንም በየቀኑ እየከፈልነው ነውና።