የተደፈነ የሆድ አኦርታ አኑሪዝም፦ ድንገተኛ ሕክምናውና የዲላ ባለሙያ ድርሻ

የአዋቂ ሰው የሆድ አኦርታ ስፋት በአማካይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲለጠጥ አኑሪዝም ይባላል። በአብዛኛው የሚፈራው መፈንዳቱ ነው። አልፎ አልፎ ግን በውስጡ የተከማቸው የረጋ ደም መተላለፊያውን ሙሉ በሙሉ ይደፍነዋል፤ ወደ ሁለቱም እግሮች የሚወርደው ደምም በአንድ ጊዜ ይቋረጣል።

የታማሚው እግሮች በድንገት ያማሉ፣ ይገረጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፤ ቀጥሎም ይደነዝዛሉ፣ መንቀሳቀስም ይሳናቸዋል። ይህ የኅብለ ሰረሰር ሕመም ስለሚመስል ያሳስታል። መለያው በጣት የሚደረግ ምርመራ ነው፦ እግሮቹ ቀዝቅዘው በሁለቱም ብሽሽት የደም ቅዳ ትርታ ከጠፋ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ አኦርታው እንደተደፈነ ይቆጠራል። የተደፈነ አኑሪዝም በሆድ ላይ ሲመታ ላይዳሰስ ስለሚችል የትርታው አለመኖር ሊያዘናጋ አይገባም።

ጡንቻና ነርቭ ያለ ደም የሚቆዩት ለ6 ሰዓት ያህል ነው። ከቡሌ ደጋ በቃሬዛ ለሚወርድ ታማሚ ከዚህ ጊዜ ብዙው በመንገድ ላይ ያልቃል። ከዲላ እስከ አዲስ አበባም ወደ 360 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ስለሆነም ሕክምናው መጀመር ያለበት በመጀመሪያው ጤና ተቋም ነው።

በቅድሚያ አልትራሳውንድ ይታያል። የጀርባ ሕመም ከደም ግፊት መውረድ ጋር ካለ መፈንዳት ስለሚጠረጠር ሄፓሪን አይሰጥም። መፈንዳት ከሌለ ሄፓሪን በደም ሥር፣ በኪሎ ግራም 80 ዩኒት ተሰልቶ ይሰጣል፤ ማስታገሻ፣ ኦክስጅንና ፈሳሽም ይታከላል። እግሮቹን በሙቅ ውኃ ማሞቅም ሆነ ከፍ አድርጎ መስቀል ጉዳቱን ያባብሳል።

በደም ቧንቧ ውስጥ የሚከናወነው ሕክምና መሠረት የተጣለው ሁዋን ፓሮዲ እ.ኤ.አ. በ1990 በቦነስ አይረስ አኑሪዝምን በብሽሽት በኩል በገባ ስቴንት ሲያክሙ ነው። ለተደፈነው አኑሪዝም በብሽሽት ሽቦ ይገባል፤ የረጋው ደም ይመጠጣል ወይም በመድኃኒት ይሟሟል፤ ከዚያም በጨርቅ የተሸፈነ ስቴንት ይዘረጋል። የረጋው ደም ተገፍቶ የኩላሊትን ደም ቅዳ ሊደፍን ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻዋል። በመድኃኒት ማሟሟት ሰዓታት ስለሚወስድ፣ እግሩ መንቀሳቀስ ላቆመ ታማሚ ቀዶ ሕክምና ወይም ከብብት ደም ቅዳ ወደ ብሽሽት ደም ማሻገር ሊመረጥ ይችላል።

ደሙ ሲመለስም አደጋው አያበቃም፤ ፖታሲየም ሊጨምር፣ ሽንት ሊጠቁር፣ ባት ሊያብጥና ሊወጠር ይችላል።

በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ የብሽሽት ትርታ ሁኔታና ሄፓሪን የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ። ተቀባዩ ሐኪም የሕክምናውን ዓይነት የሚመርጠው በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ነውና።