የኢትዮጵያ ቀን ከጃቫስክሪፕት ወደ ጃቫ ሲተላለፍ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ከስክሪፕት ቋንቋ ወደ ኦብጀክት ተኮር ቋንቋ ሲተላለፍ የሚደርስበትን ለውጥ መግለጽና መፍትሔውን ማመልከት ነው። ለምሳሌ የምንወስዳቸውም ጃቫስክሪፕትና ጃቫ ናቸው።

ከባኮ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአኖ፥ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ እንበል። ጸሓፊው በኮምፒውተር 10/3/2015 ብሎ ይመዘግባል። ፕሮግራሙ እነዚህን ሦስት ቍጥሮች እንዳሉ ለመደበኛው የቀን ዓይነት ቢሰጥ፥ ይህ ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለ ሆነ ሦስተኛውን ወር ማርች ያደርገዋል። እውነተኛው ቀን ግን ኖቬምበር 19 ቀን 2022 ነው። ስለዚህ ገና የታዘለው ሕፃን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ተጨምሮለት ለትምህርት ቤት የደረሰ ሆኖ ይቈጠራል። ዐዋጅ ቁጥር 760/2004 የልደት ምዝገባን ግዴታ ካደረገ ወዲህ ይህ ስሕተት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

የኹለቱ ቋንቋዎች ጠባይም አንድ አይደለም። ጥቅምት 30 ማለት 30/2/2015 ቢሰጠው፥ ጃቫስክሪፕት ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ዝም ብሎ ወደ ማርች 2 ያሳልፈዋል፤ ጳጉሜን 6ንም ወደ ጃንዋሪ 6 ቀን 2016 ያሻግረዋል። የጃቫው ሎካልዴት ግን ኹለቱንም አልቀበልም ብሎ ስሕተት መኖሩን ያስታውቃል። እንቢታው ከዝምታው ይሻላል፤ ነገር ግን 10/3/2015ን ኹለቱም ያለ ጥያቄ ስለሚቀበሉት በእንቢታው ብቻ መተማመን አይበቃም።

መድኀኒቱ ቀኑን ኹለቱም ቋንቋዎች እኩል ወደሚረዱት ወደ ሙሉ ቍጥር መለወጥ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ከዓመቱ 1 ቀንሶ በ365 ማብዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን በመተው ድርሻውን መጨመር፤ ከወሩ 1 ቀንሶ በ30 አብዝቶ መጨመር፤ በመጨረሻም ቀኑን መደመር። በምሳሌአችን 735,110 + 503 + 60 + 10 = 735,683 ይሆናል። በዚህ ላይ 1,724,220 ሲደመር የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚሠሩበት የዩልዮስ ቀን ቍጥር 2,459,903 ይገኛል። የጃቫ ኢንት እስከ 2,147,483,647 ስለሚይዝ ቍጥሩ በመተላለፍ ላይ አይጐድልም፤ ጃቫም ከዚህ ቍጥር ትክክለኛውን ቀን ያወጣል።

ከቍጥሩ ጋር ጸሓፊው የጻፈው ቀን ሳይነካ በጽሑፍ ዓይነት አብሮ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ጥርጥር ቢነሣ ኹለቱን ማመሳከር ይቻላል።